ነባሩን ያላወቀ እንግዳውን አይነቅልም

የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪዎች፣ ድረ ገጽ ሠርታችሁ የምታድሩ ወጣቶች፣ ድረ ገጽ አሠርታችሁ ሥራችሁን የምታስተዋውቁ ነጋዴዎች፣ የትምህርት ቤትና የክሊኒክ ኃላፊዎች፤ ይህ ንግግር ለእናንተ ነው።

የዛሬው ርእሴ ጠባብ ይመስላል፦ ወደ ድረ ገጽ ፋይሎች ሾልኮ የገባን ተንኮል አዘል ኮድ በተርሚናል፣ በትእዛዝ መስመር፣ ፈልጎ ማውጣት። ባለሙያ ያልሆናችሁም ግን ጆሯችሁን አትንፈጉኝ። ኮዱን የሚነቅለው ባለሙያው ቢሆንም፣ ሥራው እንዲሳካ የሚያደርገው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያለው በባለ ንብረቱ እጅ ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ እየሄድን እናየዋለን።

ሁላችንም ከሰማነው ልጀምር። በሰኔ 2012 የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ራሱን «ሳይበር ሆረስ» ብሎ የሚጠራ ከግብፅ የተነሣ ቡድን የተወሰኑ የመንግሥት ድረ ገጾችን ሰብሮ ገባ። ገጾቹን የከፈተ ሰው ያየው የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ሳይሆን ረጅም ማጭድና ጎራዴ የጨበጠ አጽመ ፈርዖን ነበር። በ1999 የተቋቋመው የዛሬው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዚያው ሰሞን ባወጣው መግለጫ፣ ከሳይበር ሆረስ ሌላ ሁለት ቡድኖችን በስም ጠቅሶ፣ ዓላማቸው ከግድቡ ሙሌት ጋር የተያያዘ ጫና መፍጠር እንደነበረ ተናገረ፤ ሙከራቸው ከዚያ የከፋ ጉዳት ሳያደርስ መክሸፉንም ገለጸ።

እንዲህ ያለው ጥቃት ያናድዳል። አንድ በጎ ነገር ግን አለው፤ ራሱን ያሳብቃል። ፈርዖኑን ያየ ሁሉ ይጮኻል፤ ወሬው በሰዓታት ውስጥ ይዳረሳል፤ ገጹም ወዲያው ወርዶ ይጠገናል። አጠና ተራ ላለው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፣ ቤተል ላለው ክሊኒክ፣ አለም ባንክ ላለው ትምህርት ቤት ግን ማንም ፈርዖን አይልክበትም። የሚልክበት ዝምተኛውን ነው።

ዝምተኛው ኮድ ገጻችሁን አያበላሽም፤ እንዲያውም እንዳይበላሽ ይጠነቀቃል። ትምህርት ቤቱ የምዝገባ ቀኑን እንደለጠፈ ይቆያል፤ ኮዱ ግን ከሥር ሆኖ የራሱን ንግድ ያካሂዳል። ለጉግል የመድኃኒት ሻጮችን አድራሻ ያሳያል፤ በስልክ የገባውን እንግዳ ወደ ቁማር ወይም ወደ ሐሰተኛ ሽልማት ገጽ ይወስደዋል፤ ሰርቨሩን አይፈለጌ ኢሜይል መላኪያ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚከፋው ሰው መምረጡ ነው። ብዙዎቹ ኮዶች «ይህ ጎብኚ የመጣው ከጉግል ፍለጋ ነው ወይስ አድራሻውን ራሱ ጽፎ ነው?» ብለው ያጣራሉ፤ እንደ አስተዳዳሪ የገባን ሰው ለይተው ያልፉታል። ስለዚህ ወላጅ ደውሎ «ገጻችሁ ወደ ሌላ ቦታ ወሰደኝ» ሲል ኃላፊው በቢሮው ኮምፒውተር ይከፍትና «እኔ ጋ ደኅና ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ትንንሽ ድረ ገጾች ለምን ይጠቃሉ? ኮልፌ ያለን ሱቅ ማን ብሎ ያውቀዋል? ማንም አያውቀውም፤ ማወቅም አያስፈልግም። ሥራው የማሽን ነው። ሱኩሪ የተባለው የድረ ገጽ ደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 «ባላዳ ኢንጀክተር» ስለተባለ ዘመቻ ሲጽፍ፣ ከ2017 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የዎርድፕረስ ገጾች እንደተበከሉ ገምቷል። ይህን ያህል ገጽ ተቀምጦ የመረጠ ሰው የለም። ፕሮግራሙ በዓለም ያለውን ገጽ እያንኳኳ ይሄዳል፤ ያልታደሰ ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ቅጥያ፣ ያገኘበትን ይገባል። ዎርድፕረስ ደግሞ በዓለም ካሉ ድረ ገጾች ከመቶ 40 በላይ የተሠሩበት ስለሆነ የሚያንኳኳው በር አያልቅበትም።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ በር አለ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበትን ቴም፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስን ጥቅል፣ ወይም ፕለጊን በሕጋዊ መንገድ መግዛት ለብዙ ወጣት ሠሪ ከባድ ነው፤ የመክፈያ ካርዱም፣ ዶላሩም እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ «ክራክ» የተደረገውን ቅጂ ከቴሌግራም ያወርዳል። የፈቃድ ቁልፉን የሰበረው ሰው ለምን በነፃ እንዳደለው ግን አይጠይቅም። በእንዲህ ያሉ ቅጂዎች ውስጥ ከመጀመሪያው የተቀመጠ ስውር መግቢያ ማግኘት የተለመደ ነው። ደንበኛው እንግዳውን ኮድ የተረከበው ከገጹ ጋር አብሮ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ተርሚናሉ እንግባ። ለምን ተርሚናል? አንደኛ፣ ባዶ ዎርድፕረስ ብቻውን ከሺህ በላይ ፋይሎች አሉት፤ በሲፓነል ፋይል ማኔጀር አንድ በአንድ እየከፈተ የሚያነብ ሰው ዓይኑም ዕድሜውም አይበቃውም። ሁለተኛ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የሚጫን የደኅንነት ፕለጊን የሚሠራው በተበከለው ገጽ ውስጥ ነው፤ ሰርጎ ገቡ ፕለጊኑ የሚያየውን ሊቆጣጠር ይችላል። በኤስኤስኤች፣ ከሩቅ ወደ ሰርቨሩ በሚያስገባው መንገድ፣ ገብቶ ፋይሎቹን በቀጥታ የሚያይ ሰው ግን ገጹን ምስክር አይጠራም።

የመጀመሪያው ሥራ ማጥፋት አይደለም። ገጹን ለጊዜው ለጎብኚ ዝጉት። ከዚያ በታር ሙሉውን ፎልደር፣ በማይኤስኪውኤል ደምፕ ደግሞ ዳታቤዙን ጠቅልላችሁ ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጡ። የሰርቨሩን የጉብኝት መዝገብም፣ ሎጉን፣ አብራችሁ ውሰዱ፤ ብዙ ሆስቲንግ ሎግን ለጥቂት ቀን ብቻ ይዞ ይሰርዘዋል። የተበከለውን ምን ያደርግልናል አትበሉ። ሌባው በየት እንደገባ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ስታጸዱ ብትሳሳቱ መመለሻችሁም እሱ ነው።

ቀጥሎ ፋይንድ። ፋይንድን «ባለፉት ሰባት ቀናት የተለወጡትን የፒኤችፒ ፋይሎች አውጣልኝ» ብትሉት ያወጣል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፋይል ከአንድ በላይ የጊዜ ምልክት ይይዛል። ኤምታይም ይዘቱ የተለወጠበት ጊዜ ነው፤ ይህን በተች ትእዛዝ ወደፈለጉት ዓመት መመለስ ይቻላል፣ ሰርጎ ገቦችም ያደርጉታል፤ ትናንት የገባው ፋይል የሦስት ዓመት ነዋሪ መስሎ ይቀመጣል። ሲታይም ግን ስርዓቱ ራሱ የሚመዘግበው ነው፤ ተች አይመልሰውም። ስለዚህ በሁለቱም ፈልጉ፤ ኤምታይሙ አሮጌ፣ ሲታይሙ አዲስ የሆነ ፋይል ካገኛችሁ በጥርጣሬ ያዙት። ሆስቲንጉ ገጹን ወደ ሌላ ማሽን ካዘዋወረው ወይም የፋይል ፈቃድ ከተለወጠ ሲታይም እንዲሁ ይታደሳልና ጥርጣሬን ፍርድ አታድርጉት።

በፋይንድ የሚገኝ ሌላ ቀላል ድል አለ። የዎርድፕረስ አፕሎድስ ፎልደር የምስልና የሰነድ ማስቀመጫ ነው። እዚያ ውስጥ የፒኤችፒ ፋይል ካገኛችሁ ለምን እንደመጣ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል። አንዳንድ ፕለጊን ባዶ ኢንዴክስ ፋይል ያስቀምጣል፤ ከዚያ ውጭ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የሰርጎ ገቡ ነው።

ከዚያ ግሬፕ። ግሬፕ በፋይል ሆድ ውስጥ ቃል ይፈልጋል። ሰረዝ ትልቁ አርን ብትጨምሩበት ፎልደር በፎልደር ይወርዳል፤ ሰረዝ ትንሹ ኤልን ብትጨምሩበት የፋይሉን ስም ብቻ ይነግራችኋል። የምትፈልጉት የታወቁትን መሸሸጊያ ቃላት ነው፦ ኢቫል፣ ቤዝ64 ዲኮድ፣ ጂዚ ኢንፍሌት፣ ሮት13። ኢቫል ጽሑፍን ወደ ትእዛዝ ይለውጣል፤ ሌሎቹ የተመሰጠረውን ይፈታሉ። ኢቫልና ቤዝ64 ዲኮድ ጎን ለጎን ከተገኙ፣ አንድ ሰው ኮዱ እንዳይነበብ ደክሟል ማለት ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ግሬፕ ያወጣለትን ዝርዝር በሙሉ ይሰርዛል፤ ገጹ ይወድቃል። ቤዝ64 ዲኮድን ጤነኛ ፕለጊኖችም ለምስልና ለኢሜይል ይጠቀሙበታል። በተቃራኒው ደግሞ ግሬፕ ባዶ እጁን ሲመለስ «ንጹሕ ነው» ብሎ ቤቱ የሚገባ አለ። ጥሩ ሰርጎ ገብ ግን ቤዝ64 የሚለውን ቃል አያስገባም፤ ቆራርጦ ያስቀምጠውና ኮዱ ሲሠራ ይገጣጥመዋል፤ ወይም ፊደሎቹን በቁጥር ይተካቸዋል። እንዲያ ሲሆን የሚያሳብቀው ርዝመቱ ነው። ሰው የጻፈው የፒኤችፒ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ሺህ ፊደል አይሞላም፤ ኦክ በተባለው ትእዛዝ ከሺህ ፊደል በላይ የሆኑትን መስመሮች ብታስወጡ የተመሰጠረው ጭነት ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ የዛሬውን ዋና ነገር ልናገር። ስንዴ ስትለቅም ያደገች ሴት የእንክርዳድን ዓይነት ሁሉ በቃሏ አታውቅም፤ ስንዴን ስለምታውቅ ግን ያልሆነውን ታወጣዋለች። የተንኮል ኮድ በየሳምንቱ መልኩን ይለውጣል፤ እሱን በማጥናት ብቻ የሚጸዳ ገጽ የለም። ጤነኛው ፋይል ግን አንድ መልክ ብቻ አለው። ስለዚህ አስተማማኙ ጥያቄ «ይህ ፋይል ክፉ ይመስላል ወይ?» የሚለው ሳይሆን «ይህ ፋይል መጀመሪያ እንደነበረው ነው ወይ?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ተርሚናል በቁጥር ይመልሰዋል። ከማንኛውም ፋይል ቼክሰም የሚባል አጭር መለያ ይወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትጨመር መለያው ፈጽሞ ይለወጣል። የዎርድፕረስ አዘጋጆች የእያንዳንዱን እትም ፋይሎች መለያ በይፋ አስቀምጠዋል። ደብሊውፒ ሲኤልአይ በተባለው መሣሪያ «ኮር ቬሪፋይ ቼክሰምስ» ብላችሁ ስታዙ የእናንተን ፋይሎች ከዚያ ጋር ያመሳክራል፤ የተለወጠውን ይነግራችኋል፤ በዋናዎቹ ፎልደሮች ውስጥ መኖር የማይገባውንም ይጠቁማል። ከዎርድፕረስ ይፋ ማኅደር ለወረዱ ፕለጊኖችም ተመሳሳይ ትእዛዝ አለ። ክራክ ለተደረገው ፕለጊን ግን የለም። ንጹሕ መልኩን የሚመሰክርለት ስለሌለ መፍትሔው አንድ ነው፤ ሰርዛችሁ በሕጋዊው ወይም በነፃ አማራጭ መተካት።

የተለወጡትን ስታገኙም መስመር እየፈለጋችሁ አትቁረጡ። ዋናውን ፕሮግራም እንዳለ ጣሉና ያንኑ እትም ከይፋ ምንጩ አውርዳችሁ ተኩት። ፕለጊንና ቴምም እንዲሁ። በጥንቃቄ ማየት ያለባችሁ ሌላ ቅጂ የሌላቸውን ብቻ ነው፦ የማዋቀሪያውን ፋይል፣ አፕሎድስንና በእጅ የተጻፈውን ቴም።

ታዲያ ሴድ የቱ ላይ ነው? ብዙ ሰው ከመጀመሪያው የሚሮጠው ወደ ሴድ ነው፤ እኔ ግን መጨረሻ አስቀመጥኩት። ሴድ በአንድ ትእዛዝ በመቶ ፋይሎች ውስጥ ያንኑ መስመር ያጠፋል። በእጅ የተሠራ፣ ንጹሕ ቅጂ የሌለው ገጽ ሲበከልና በየፋይሉ የገባው መስመር አንድ ዓይነት ሲሆን ያድናል። አደጋው ግን ይህ ነው፤ እንግዳው ኮድ ብዙ ጊዜ የሚሰካው በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ ከፒኤችፒ መክፈቻው ጋር ነው። በመካከላቸው መቶ ባዶ ቦታ ስለሚተው በኤዲተር የከፈተው ሰው ወደ ቀኝ ካልሄደ አያየውም። «አንደኛውን መስመር አጥፋ» ያለ ሰው መክፈቻውንም አብሮ ያጠፋል፤ ገጹም ኮዱን እንደ ጽሑፍ ለጎብኚ መዘርገፍ ይጀምራል። ስለዚህ ሴድን ሰርቨር ላይ ባለው ገጽ ላይ አትሞክሩት። ቅጂ አውጡ፤ በቅጂው ላይ እዘዙ፤ ሁለት ፋይሎችን በሚያነጻጽረው በዲፍ፣ የጠፋው የታሰበው ብቻ መሆኑን እዩ፤ «ፒኤችፒ ሰረዝ ኤል» በሚለው ትእዛዝ የፋይሉ ሰዋስው አለመሰበሩን አረጋግጡ፤ ከዚያ ወደ ቦታው መልሱት።

ሴድ ራሱ የሚፈጥረውም ቀዳዳ አለ። በቦታው እንዲለውጥ ስታዙት የድሮውን ፋይል «ባክ» የሚል ቅጥያ ሰጥቶ አጠገቡ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። ደግ ይመስላል። የማዋቀሪያው ፋይል ግን መጨረሻው ፒኤችፒ መሆኑ ሲቀር ብዙ ሰርቨር እንደ ተራ ጽሑፍ ያቀርበዋል፤ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ለጠየቀ ሁሉ ይታያል ማለት ነው። ባላዳን የመሰሉ ዘመቻዎች እንዲህ ያሉ የተረሱ ቅጂዎችን እያሰሱ ይዞራሉ። መጠባበቂያ ቅጂ ከድረ ገጹ ፎልደር ውጭ ይቀመጥ።

ፋይሎቹ ጸዱ እንበል። ሥራው አልቋል? ገጹ ከጸዳ በኋላ በነጋታው እንደገና ተበክሎ ካገኛችሁት፣ ያልታየ መሸሸጊያ ቀርቷል። ክሮንታብን እዩ፤ በየሰዓቱ ኮዱን መልሶ የሚያወርድ የጊዜ ትእዛዝ ሊኖር ይችላል። ኤችቲአክሰስንና ዩዘር ኢኒ የተባለውን ፋይል እዩ፤ ሁለተኛው ከየገጹ በፊት ሌላ ፋይል እንዲነበብ ማዘዝ ይችላል። ኤምዩ ፕለጊንስ የተባለውን ፎልደር እዩ፤ እዚያ የገባ ፕለጊን ማንም ሳያነቃው ይሠራል፤ በተለመደው የፕለጊን ዝርዝርም አይታይም። ዳታቤዙ ውስጥ የማታውቁት አስተዳዳሪ እንዳለ፣ በጽሑፎቻችሁ ውስጥ የጃቫስክሪፕት መስመር እንዳለ መርምሩ። አሥር ደንበኛ በአንድ የሆስቲንግ አካውንት ላይ የምታስተዳድሩ ደግሞ አሥሩንም አንድ ላይ አጽዱ፤ ዘጠኙን አጽድቶ አንዱን መተው አሥሩንም እንደመተው ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል የአገራችን ሰው። ሥሩን መፈለግ ምን እንደሚመስል አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 ማርክ ሞንደር የተባለ ፕሮግራመር ብሎጉ ላይ እሱ ያላስቀመጠው ማስታወቂያ አየ። ማስታወቂያውን አጥፍቶ መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ዱካውን ተከትሎ ቲምተምብ የተባለ የምስል ማሳነሻ ስክሪፕት ላይ ደረሰ። ስክሪፕቱ ምስል የሚቀበለው ከታመኑ አድራሻዎች ብቻ ነበር፤ ማጣሪያው ግን የታመነው ስም በአድራሻው ውስጥ የትም ቢገኝ ያሳልፍ ነበር። ሰርጎ ገቡ የታመነውን ስም ከራሱ አድራሻ ፊት ቀጥሎ የፒኤችፒ ፋይል አስወረደ። ስክሪፕቱም ፋይሉን ከውጭ በሚከፈት ፎልደር አስቀመጠለት። ቲምተምብ በብዙ ቴሞች ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ፣ አብዛኛው ባለ ንብረት እንዳለው እንኳ አያውቅም ነበር። ሞንደር ያገኘውን ይፋ አደረገ፤ ስክሪፕቱም እንደገና ተጻፈ። እሱም በኋላ ዎርድፌንስ የተባለውን የደኅንነት ፕለጊን ሠራ።

ሥሩ አንዳንዴም ከነጭራሹ ሰርቨሩ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጋምብላር የተባለው ጥቃት ሲስፋፋ ሰርቨሮቹን መስበር አላስፈለገውም፤ የድረ ገጽ ሠሪዎቹን ኮምፒውተር በክሎ የኤፍቲፒ የይለፍ ቃላቸውን ሰረቀ። ከዚያ እንደ ባለቤት በበሩ ገባ። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ በተለመደበት አገር ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ካጸዳችሁ በኋላ የይለፍ ቃል ሁሉ፣ የሆስቲንጉም፣ የዳታቤዙም፣ የአስተዳዳሪዎቹም፣ ይለወጥ፤ የሚለወጠውም ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ ኮምፒውተር ይሁን። በማዋቀሪያው ፋይል ያሉት የዎርድፕረስ ምስጢራዊ ቁልፎችም ይታደሱ፤ ያኔ ሰርጎ ገቡ ገብቶ ከቆየ ከነበረበት ይወጣል።

ለወጣቶቹ አንድ የሕግ ነገር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርጋል። «ልረዳው ብዬ ነው» የሚለው ሐሳብ ፈቃድን አይተካም። የሰፈራችሁን ክሊኒክ ገጽ ተበክሎ ብታዩ ንገሩት፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ሳትቀበሉ ግን አትግቡበት። ክሊኒኩም የታካሚ መረጃ ይዞ ከነበረ፣ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ኃላፊነት እንደሚጥልበት ይወቅ።

አሁን በባለ ንብረቱ እጅ ያለውን ነገር ልናገር። ይፋ ምንጭ ላላቸው ፋይሎች መለያውም መተኪያውም ከምንጩ ይገኛል፤ ለማዋቀሪያው ፋይል፣ ለአፕሎድስና በእጅ ለተጻፈው ቴም ግን የሚያስፈልገው ገጹ ንጹሕ ሳለ የተቀመጠ ቅጂ ነው። በከተማችን ድረ ገጽ የሚረከብ ሰው የሚረከበው አብዛኛውን ጊዜ አድራሻ ብቻ ነው። ፋይሉ ሠሪው ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ የሆስቲንጉ የይለፍ ቃል ሠሪው ስልክ ውስጥ ነው፤ የዶሜኑ ስም በሠሪው ኢሜይል ተመዝግቧል። ሠሪው ሥራ ሲለውጥ ወይም አገር ሲለቅ ሁሉም አብሮት ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ገጹ ሲበከል ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያው ግን በእነዚህ ፋይሎች ነባሩን ከእንግዳው የሚለይበት መመሳከሪያ የለውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ነጋዴዎችና ኃላፊዎች፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር ተረከቡ፦ በስማችሁ የተመዘገበ ዶሜንና ሆስቲንግ፤ የፋይሎቹና የዳታቤዙ ሙሉ ቅጂ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፤ ሻ256 በተባለው የቼክሰም ስልት የወጣ የየፋይሉ መለያ ዝርዝር፤ የቴሞቹና የፕለጊኖቹ ስም ከነምንጫቸው። ይህን የማያስረክባችሁን ሠሪ ዋጋው ቢረክስም አትያዙት። ወጣቶች ደግሞ እነዚህን አራቱን ሳትጠየቁ በውላችሁ ውስጥ ጻፉ፤ ዋጋም ጠይቁበት፤ ሥራ ነውና። መለያ ዝርዝሩን ለማውጣት ፋይንድንና ሻ256ሰምን የሚያገናኝ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል፤ ገጹ በተበከለ ቀን ግን ከዕለታት ፍለጋ ያድናችኋል። ገጹን ባደሳችሁ ቁጥር ዝርዝሩን አድሱት፤ ከሰርቨሩ ውጭ አኑሩት፤ በየሳምንቱ አመሳክሩት። ያኔ እንግዳ ፋይል ሲገባ ቀድሞ የሚያውቀው የሚደውል ወላጅ ወይም ጉግል ሳይሆን እናንተ ትሆናላችሁ።

ላፕቶፕ የያዛችሁ ክፈቱ፤ ጥያቄዎቻችሁን ከተቀበልኩ በኋላ ያንን አንድ መስመር አብረን እንጽፈዋለን።